አንዴ የተቆፈረ አፈር

ፌብሩዋሪ 4፣ 1996፣ እሑድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ይህን ደብተር የገዛችልኝ ልጄ ሮሆቦት ናት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። «ለፈተናህ ኖት ያዝበት» ብላ ሰጠችኝ፣ በእንግሊዝኛ እርግጥ። ከፊት በኩል የፈተናውን ኖት እይዝበታለሁ፣ ከኋላ በኩል የራሴን ጉዳይ። በአማርኛ ስለምጽፍ እሷ አታነበውም። እናቷ ማንበብ ትችላለች፤ ግን ዓባይነሽ የሰው ደብተር የምትከፍት ሴት አይደለችም።

ነገሩ ይሄ ነው። ኤፕሪል 20 ቀን ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ሄጄ የከርሰ ምድር መስመር ተቋራጭነት ፈቃድ ፈተና እቀመጣለሁ። የውሃ፣ የፍሳሽ፣ የጋዝ ቱቦ የሚቀብር ሰው የራሱን ድርጅት ለማቆም ይህን ማለፍ አለበት። አዲስ አበባ ስድስት ዓመት የቱቦ ሥራ ፎርማን ነበርኩ፤ እዚህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሰው ቦይ ውስጥ ቆሜ ቆፍሬያለሁ። ከበፈቃዱ ጋር፣ ማለት ከዓባይነሽ ወንድም ጋር፣ ተስማምተናል። እኔ ፈተናውን አልፋለሁ፣ እሱ መቆፈሪያ ማሽኑን ይነዳል፣ ድርጅቱ የሁለታችን ይሆናል። ከዚያ በኋላ ዴል የሚሉት አለቃችን በጣቱ እያፏጨ አይጠራኝም።

አርባ አራት ዓመቴ ነው። ቁጡ ነው ይሉኛል። ቁጡ አይደለሁም፤ ሞኝ ሰው አልወድም፣ ያ ብቻ ነው።

ፈተናው ላይ መጽሐፍ ይዞ መግባት ይፈቀዳል። ቀላል ይመስላል። መጻሕፍቱ ግን አራት ናቸው፣ ሁለቱ እንደ ስልክ ማውጫ የወፈሩ፤ ገጹን የማያውቅ ሰው ሲገልጥ ሰዓቱ ያልቅበታል። ስለዚህ ዓባይነሽ በየገጹ ዳር ባለቀለም ወረቀት እየለጠፈች በደቃቅ ጽሕፈቷ ትጽፍበታለች። ቢጫ ለጋዝ፣ ሰማያዊ ለውሃ፣ አረንጓዴ ለፍሳሽ፣ ቡናማ ለአፈር። ደብረ ብርሃን አስተማሪ ነበረች። እዚህ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አሮጊት ታጥባለች። ከሥራ ስትመለስ ጥያቄ ታነብልኛለች፣ እኔ እመልሳለሁ።

ፌብሩዋሪ 8፣ በምሳ ሰዓት፣ መኪና ውስጥ

ዛሬ ሥራው ዊተን ነው። ብርድ። መሬቱ ድንጋይ ብቻ። ትናንት ከሃያ ጥያቄ አሥራ አንድ። ዓባይነሽ «ጥሩ ነው» አለችኝ። ጥሩ አይደለም! ለምን ጥሩ ነው ትለኛለች? እንደ ተማሪዎቿ ታባብለኛለች።

ፌብሩዋሪ 13፣ ማክሰኞ

ከሃያ ጥያቄ ዘጠኝ። ሳህን ወደቀ። ሮሆቦት ስብርባሪውን ጠረገች። ዓባይነሽ ነገ ሥራ አልገባም አለች።

ፌብሩዋሪ 14

እዚህ አገር ዛሬ የአበባ ቀን ነው፤ አበባ ይዤ ገባሁ። ዓባይነሽ ግንባሯ ላይ የለጠፈችው ፕላስተር የፈረንጅ ቆዳ ቀለም ነው፣ ከሩቅ ይታያል። «በፈቃዱ ቢጠይቅሽስ?» አልኳት። «የኪችን ካቢኔት ገጨኝ እላለሁ» አለች። ደህና ብላለች። አበባውን ውሃ ውስጥ አደረገችው፣ አላመሰገነችኝም።

ፌብሩዋሪ 25፣ እሑድ

ጾሙ ከገባ ሳምንት ሆነው። ዛሬ ቀኑን ሙሉ አጠናሁ። ነገሩን በትክክል ልጻፈው፣ ምክንያቱም ሰው ሲያወራው ሌላ ይመስላል።

ዓባይነሽ ሶፋው ላይ ተቀምጣ አነበበችልኝ። «ከዚህ ቀደም ተቆፍሮ የተሞላ የሸክላ አፈር ነው፣ ተጠቅጥቆ በጣም ጠንክሯል። ከየትኛው መደብ ይመደባል?» ከአንደኛው አልኩ። አንደኛ መደብ ማለት ጠንካራው አፈር ነው፣ በቀላሉ የማይናደው። የሸክላ አፈርን ማንም አያስተምረኝም፣ ዕድሜ ልኬን በጥፍሬ ይዤው የኖርኩት ነገር ነው።

«አይደለም» አለች። «አንዴ የተቆፈረ አፈር የቱንም ያህል ቢጠነክር ከአንደኛው መደብ አይገባም።»

«ማን አለ?»

ቡናማውን ወረቀት ያዘችና በአንድ ጊዜ ገጹን ገለጠችው። ተጽፏል፣ እውነቷን ነው። ግን ፈገግ አለች። አላልኩም ትላለች፤ እኔ አይቻታለሁ። አሥራ ሰባት ዓመት የቆፈርኩትን ነገር ጭቃ ነክታ የማታውቅ ሴት በአንዲት ወረቀት ስታሳየኝ ፈገግ አለች።

የመኝታ ቤቱ በር ገጫት። በሩ ጠባብ ነው፣ እሷም ስትሮጥ አታይም። ሮሆቦት የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገች። የዚህ አገር ግድግዳ ካርቶን ነው፤ የጎረቤታችን አሮጊት ከወዲያ በኩል ስትደበድበው የሠርጋችን ፎቶ ወደቀ።

አባቴ እኛን በጅራፍ ነበር የሚያሳድገን። እኔ ልጄን በእጄ ነክቻት አላውቅም። ይህ መጻፍ አለበት።

ፌብሩዋሪ 27

ሌሊቱን ዘንቦ ቦዩ ዳርና ዳሩ አብጧል። ዘጠኝ ጫማ ጥልቀት አለው። ጎኑን የሚደግፈው የብረት ሳጥን ሎረል ከተማ ለሌላ ሥራ ተወስዷል። «ከአምስት ጫማ በላይ ያለ ድጋፍ ሰው አይገባም፣ ሕጉ ነው» አልኩት ዴልን። «የምታነበው መጽሐፍ ደሞዝ ይከፍልሃል?» አለኝ። እኔ አልገባም አልኩ፣ በፈቃዱ ገባ። አንድ ሰዓት አልቆየም፤ ፍሪጅ የሚያክል አፈር ከጎኑ ተንዶ አካፋውን ዋጠው። በፈቃዱን ጎትቼ አውጥቼው ስመለስ የዴልን መኪና መስተዋት በዶማ አወረድኩት፣ ከዚያ የፊት መብራቱን። ዴል ሳቀ። ቱቦ እንደ እኔ አስተካክሎ የሚያስቀምጥ ሰው እንደሌለው ያውቃል።

በፈቃዱ አቀፈኝ። «ወንድሜ ነህ» አለኝ።

ማርች 1፣ ዓርብ

ጣቴ አብጧል፣ ብዙ አልጽፍም። በፈቃዱ ጠዋት ዓባይነሽን ሥራ አድርሷት ነበር። መኪና ውስጥ ሞቋት እጅጌዋን ስትሰበስብ ክንዷን አይቷል።

አካፋ እንደያዘ ቦይ ውስጥ ወረደብኝ። «እህቴን ካቢኔት በሳምንት ስንት ጊዜ ነው የሚገጫት?» አለኝ። ወደ ሥራህ ሂድ አልኩት። አካፋውን ሰነዘረው፣ ትከሻዬን አገኘው። እኔ ደግሞ ትልቁ የቱቦ መፍቻ እጄ ላይ ነበር። እጄ ላይ ነበር፣ ልፈልገው አልሄድኩም። አፉን መታሁት። ሲወድቅ ደገምኩት። ሰማያዊው ቱቦ ላይ ደሙ ተረጨ። ጭቃው ውስጥ ተቀምጦ በእጁ ሲፈልግ ቆየና ሁለት ጥርሱን ለቅሞ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተታቸው።

ዴል ከላይ ሆኖ «ኮፕስ ልጥራ?» አለ። በፈቃዱ ደም እየተፋ «ኖ ፖሊስ» አለው። «ፋሚሊ።»

ማርች 10፣ እሑድ

ታረቅን። ጋሽ ወልደአምላክ በጃንሆይ ጊዜ ዳኛ የነበሩ ሰው ናቸው፤ እዚህ አካባቢ ባልና ሚስት፣ ሸሪክና ሸሪክ ሲጣላ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ቤታችን መጡ። «ደም ፈሷልና እንደ አገራችን ወግ በድንጋይ ይሁን» አሉ። ድንጋዩን ከዊተን ቦይ አመጣሁት፤ መቆፈሪያው ያወጣው ነው፣ የአንድ ሕፃን ያህል ይከብዳል።

ጋሽ ወልደአምላክ አስቀድመው ጠየቁ። «የጠባችሁ መነሻ ምንድን ነው?»

«ሥራ ነው» አልኩ።

«በፈቃዱ፣ አንተስ?»

በፈቃዱ ቀና ብሎ እህቱን አያት። እሷ ጆግና ሳህን ይዛ የሽማግሌዎቹን እጅ እያስታጠበች ነበር። «አዎ፣ ሥራ ነው» አለ።

ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አድርጌ አጎንብሼ ፊቱ ቆምኩ። ወጉ እንዲህ ነው፤ የተበደለው ሰው ይቅር ብያለሁ ካላለ ድንጋዩ አይወርድም። ቢመሽም አይወርድም። በፈቃዱ ብዙ አቆየኝ። ካጎነበስኩበት የዓባይነሽ ጫማ ይታየኝ ነበር፤ ጆጉን እንደያዘች ቆማ ቀርታለች። በመጨረሻ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። ጋሽ ወልደአምላክ «እርቅ ደም ያደርቅ!» ብለው ድንጋዩን ከላዬ አነሱልኝ። ሽሮ በላን። ቀለለኝ፣ በእውነት ቀለለኝ። ድንጋዩን በረንዳው ላይ አስቀመጥኩት።

ማርች 11

ሮሆቦት ድንጋዩ ምንድን ነው አለችኝ። አስረዳኋት። ያጠፋ ሰው ይሸከመዋል፣ የተበደለው ሰው እስኪምረው አያወርደውም አልኳት። አሰበችና በእንግሊዝኛ «ታዲያ ለማሚስ መቼ ነው የምትሸከመው?» አለችኝ።

ይህ ከልጅ አፍ አይወጣም። ዓባይነሽን ምን አስተማርሻት አልኳት። ምንም አለች።

ማርች 14

ዓባይነሽ በግራ ጆሮዋ አልሰማም አለች። ብርድ መቷት ይሆናል። ሐኪም ቤት ሂጂ ብላት «ምን ልበላቸው?» አለችኝ።

ማርች 22፣ ዓርብ

ከሃያ አሥራ ስምንት! ቀኙን ጆሮዋን ወደኔ አዙራ ታነባለች፣ እኔ እመልሳለሁ። እንዲህ አብረን ስንሠራ የሚደርስብን የለም። ፈቃዱ ከተገኘ ሁሉ ነገር ይስተካከላል። ይህን ሁሉ ያመጣው ፈተናው ነው፤ ሲያልፍ ያልፋል።

ማርች 23

የሉም። ልብሳቸውም የለም። መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል፣ አራቱም ተለጥፈው አልቀዋል። በላያቸው ላይ ቁልፏና አንዲት ወረቀት አለች። «ሁሉም ተለጥፏል። ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ሰንጠረዡ ሁለት ነው፣ እንዳይምታታብህ። እንዳትፈልገን።»

የኪችኑን ካቢኔት በሮች አንድ በአንድ ነቀልኳቸው።

ማርች 27

አሌክሳንድሪያ የአክስቷ ልጅ ስሂን ጋ ናቸው። ፖሊስ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጥቶ ዳኛ የፈረመበት ወረቀት ሰጠኝ። እንዳልጠጋ፣ እንዳልደውል። ሙሉው ችሎት ሜይ መጨረሻ ላይ ነው።

ጋሽ ወልደአምላክ ጋ ደወልኩ። «ሽማግሌ ይላኩልኝ» አልኳቸው። «ሥራ ነው ብለህ ለምን ዋሸኸኝ?» አሉኝ። «እኔ ያን ቀን ሁለት ወንዶች አስታርቄ ሴቲቱ ባስታጠበችኝ እጅ በላሁ። አሁን የምልከው ሽማግሌ የለኝም። ወረቀቱን አክብረህ ተቀመጥ፣ የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል።»

በፈቃዱ ሥራ ላይ አያናግረኝም። አንድ ቀን ብቻ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» አለኝ፤ እኔ ስለ ጥርሱ መስሎኝ ነበር።

ኤፕሪል 14

ፋሲካ። ብቻዬን ራሴን ጠየቅሁ፣ ራሴ መለስኩ። ሃያ ከሃያ።

ኤፕሪል 20

ተፈተንኩ። የሆቴል አዳራሽ፣ አርባ ያህል ሰው፣ ከኔ በቀር ሁሉም መጽሐፋቸውን እያገላበጡ ያልባቸዋል። እኔ ጥያቄውን አይቼ ቀለሙን እይዛለሁ፣ ገጹ ይመጣል። በየወረቀቱ ላይ ጽሕፈቷ ነበር። «ከዝናብ በኋላ እንደገና ይፈተሻል።» «መሰላል በየ25 ጫማው።» ያ የአፈር ጥያቄም መጣ። መጽሐፍ አልገለጥኩለትም።

ስወጣ የመኪናዬ በር ስላልተከፈተልኝ መስኮቱን በክርኔ ሰበርኩት። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ሜይ 3፣ ዓርብ

አለፍኩ። ሰማንያ ስድስት። ብቻዬን ጮህኩ። የምነግረው ሰው አጣሁ።

ከውጤቱ ጋር የፈቃድ ማመልከቻ ቅጽ አለ። አሥራ አንደኛው ጥያቄ «በሰው ላይ ጉዳት በማድረስ የተከሰሱበት ወይም በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ አለ?» ይላል። አዎ ወይም አይደለም። አዎ ላሉ ሦስት መስመር ማብራሪያ። አዎ ካልኩ አሥራ ሰባት ዓመት ገደል ገባ። ዓባይነሽ ይቅር ካለችኝ ግን ጉዳዩን ከፍርድ ቤት ታነሳዋለች፣ አይደለም ብዬ እጽፋለሁ።

ድንጋዩ በረንዳው ላይ ነው።

ሜይ 7፣ ማክሰኞ

ትናንት ተለቀቅሁ። እጄ ላይ የካቴናው ምልክት አለ። የሆነውን እጽፋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ድንጋዩን መኪና ውስጥ አድርጌ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። ከፓርኪንጉ ጀምሬ ማጅራቴ ላይ ተሸከምኩት። ስሂን ሁለተኛ ፎቅ ናት፣ በረንዳዋ በሣሩ በኩል ነው። ሣሩ ላይ ተንበረከክሁና «ዓባይነሽ! ድንጋይ ተሸክሜ መጥቻለሁ! ማሪኝ!» ብዬ ጮህኩ። ማንም አልወጣም። ደግሜ ጮህኩ። «ውጪ! እስክትምሪኝ አላወርደውም!» ስንት ጊዜ እንደጮህኩ አላውቅም። ጎረቤቶች በመጋረጃ እያዩ ነበር። እነሱ የሚያዩት ሌላ ነገር ነው፤ ድንጋይ ይዞ በሰው መስኮት ስር የሚጮህ ጥቁር ሰው።

ሁለት የፖሊስ መኪና መጣ። ሦስት ሽጉጥ። «ድሮፕ ኢት!» ጣለው ማለት ነው፣ ቃሉን አውቀዋለሁ። ግን ሽማግሌ ያላነሳው፣ የተበደለ ያላወረደው ድንጋይ አይጣልም። «ኖ! ሺ መስት ሴይ!» አልኳቸው፣ አውርደው ማለት ያለባት እሷ ናት ማለቴ ነው። ለማስረዳት ብድግ ስል አንደኛው ወደ ኋላ ዘለለ፣ ጣቱ ምላጩ ላይ ገባ። አየሁት።

ከላይ ሮሆቦት «ዳዲ፣ ፕሊዝ!» ብላ ጮኸች፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከልጄ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ዓባይነሽ በረንዳው ላይ ወጣች። አልጮኸችም። ድምጿ ቁልጭ ብሎ ተሰማኝ።

«አስቀምጠው ኪራኮስ። አልማርኩህም። በልጄ ዓይን ፊት እንዳይገድሉህ ብዬ ነው። አስቀምጠው።»

«ማሪኝና ላስቀምጠው!» አልኳት፤ ሽጉጡ ደረቴ ላይ እንደተደገነ።

«አየህ?» አለች። «አሁንም እያስገደድከኝ ነው።»

አስቀመጥኩት። ወዲያው ጀርባዬ ላይ ተከመሩብኝ፣ ፊቴ ሣሩ ውስጥ ገባ፣ አንዱ ጎኔን በጉልበቱ ደቆሰኝ። ድንጋዩን በላስቲክ ከተው ቁጥር ለጠፉበት። ሠላሳ አንድ ፓውንድ። መሣሪያ ብለው ነው የመዘገቡት።

ሜይ 19፣ እሑድ

በፈቃዱ መጣ። በሩ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም። ሲናገር በጎደለው ጥርሱ በኩል አየር ያመልጣል።

«ዓባይነሽ ለጁን ወሩ ፈተና ተመዝግባለች» አለኝ። «ድርጅቱን እኔና እሷ እናቆመዋለን። መጻሕፍቱን ላክልኝ ብላለች።»

«የኔን መጻሕፍት?»

«ጽሕፈቱ የማን ነው?»

እጄ ተጨበጠ። በፈቃዱ አየው፤ አልሸሸም። «ነገ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ» ብሎ ሄደ።

በሩን እንደዘጋሁ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ይዤ የወረቀቶቹን ጫፍ በጭብጤ ሰበሰብኳቸው። ሁሉንም ልነቅላቸው ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ሊለኝ ነበር። አንዱ ተገነጠለ፣ ቡናማው። እጄ ላይ ስመለከተው «አንዴ የተቆፈረ» ይላል በሷ ጽሕፈት። ያን ጊዜ ቁጭ አልኩ።

ቅጹ እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ነው። ሦስቱ መስመሮች ባዶ ናቸው። ምን ብዬ ላብራራ ብዬ ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩት። ሳህን፣ በር፣ ብርድ። የሚመታ ሰው የሌለበት ቤት ነው፤ ዕቃው ነው ሴቲቱን የሚደበድባት። አፈርኩ። እስክሪብቶዬን አነሳሁ።

ፌብሩዋሪ 13 ሳህን አልወደቀም። ወረወርኩባት፣ ግንባሯን ፈነከትኳት። ፌብሩዋሪ 25 በር አልገጫትም፤ ፀጉሯን ይዤ ከበሩ ጋር አጋጨኋት፣ ከዚያም ክንዷን ጠመዘዝኩ። ፈገግ አላለችም ነበር። ማርች 11 ያልጻፍኩት ብዙ ነው። ሮሆቦት እያየችኝ ዓባይነሽን በመዳፌ ጆሮዋን መታኋት፤ ብርድ አይደለም። ልጄን በእጄ ነክቻት አላውቅም ብያለሁ፣ ያን ቀን ግን መሃላችን ገብታ ገፍትሬያታለሁ። ማርች 22 ምንም አላደረግኩም። ሁለት ጥያቄ ስቼ ውሃ ለመጠጣት እጄን ወደ ብርጭቆው ስዘረጋ ዓባይነሽ ፊቷን በመጽሐፉ ሸፈነች። ያንን አይቼ አሥራ ስምንት አገኘሁ ብዬ ጻፍኩ። ሜይ 4 ድንጋዩን የተሸከምኩት ለሷ አይደለም። ለአሥራ አንደኛው ጥያቄ ነው።

ሚስቴን መታኋት። ፈተናው አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ቅጹ ላይ አዎ የሚለውን ምልክት አደረግሁበት። ሦስቱ መስመር በቂ ነበር።

የተገነጠለውን ቡናማ ወረቀት በፕላስተር መልሼ ለጠፍኩት፣ ትንሽ ጠምሟል። መጻሕፍቱን ካርቶን ውስጥ አስገብቼ በሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ። ይህን ደብተር ከላያቸው አደርገዋለሁ። ከፊት በኩል ያለው የፈተና ኖት ይጠቅማታል። ከኋላ ያለውን ደግሞ ከፈለገች ለዳኛው ታንብብለት። የሰው ደብተር እንደማትከፍት ስለማውቅ ሽፋኑ ላይ በትልቁ «የዓባይነሽ» ብዬ ጽፌበታለሁ።